ማኅበራዊ ሚዲያ ለመምህሩ ሙያ እንዲጠቅም፦ ጥያቄውን ከክፍል ይዞ መውጣት፣ መልሱን ወደ ክፍል መመለስ

በጎንደር ትምህርት ቤቶች የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «ቴሌግራም ባይኖር ኖሮ የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍትና የመምህር መምሪያ ከየት እናገኝ ነበር?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ማታ ማታ ስልክ ላይ አፍጥጦ ማምሸት እንዴት ትምህርት ይባላል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት ያዩትን ነው። በዚህች ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር ከቆየሁበት ልምድ ተነሥቼ የምሰጠው መልስ ግን ከሁለቱም ይለያል። ማኅበራዊ ሚዲያ ለመምህር ሙያ ማሻሻያ የሚጠቅመው ጥያቄው ከመምህሩ ከራሱ ክፍል ሲነሣ፣ የተገኘው ሐሳብ በዚያው ክፍል ሲሞከር፣ የሙከራው ውጤትም ሐሳቡን ለሰጡት ባልደረቦች ተመልሶ ሲነገር ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የሚቀረው ንባብ ነው፤ ንባብ መልካም ነገር ቢሆንም ብቻውን የማስተማር ዘዴን አይለውጥም።

ይህ አካሄድ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሲሰማ በመዋሉ ብቻ ባለቅኔ አይሆንም። ገለል ብሎ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል (ያዘጋጃል)፣ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ቤቱ የተበላሸበትን፣ ምሥጢሩ የላላበትን ቦታ እያሳየ ያርመዋል፤ በማግስቱም ተማሪው እንደገና ቆጥሮ ይመጣል። በስልካችን ውስጥ ያሉት የመምህራን ቡድኖች በአብዛኛው የጎደላቸው ይህ ነው፤ ሰሚው ብዙ ነው፣ ቆጥሮ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር መምህሩ ቆጥሮ የሚመጣ ሰው እንዲሆን የሚረዳ ነው።

ጥያቄውን መጻፍ

ሥራው የሚጀምረው ስልክ ከመከፈቱ በፊት ነው። ከክፍል ሲወጡ፣ የጠመኔው አቧራ ከእጅዎ ሳይራገፍ፣ በዕለታዊ የትምህርት ዕቅድዎ ኅዳግ ላይ ተማሪዎች የተሰናከሉበትን ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ተማሪው የተናገረውን ወይም የጻፈውን ቃል በቃል መያዝ ይገባል፤ ምክንያቱም «አልገባቸውም» የሚለው የመምህሩ ድምዳሜ ሲሆን፣ የተማሪው ቃል ግን ያልገባው ነገር ምን እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ሰው በቁም ነገር ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ አራት ነገሮችን ይይዛል፦ የክፍል ደረጃውንና ርዕሱን፣ የተማሪዎቹን ቃል፣ እስካሁን የሞከሩትን ዘዴ፣ እንዲሁም በእጅዎ ያለውንና የሌለውን መሣሪያ። «ኤሌክትሪክን እንዴት ማስተማር ይቻላል?» ብሎ የጠየቀ መምህር የሚያገኘው መልስ የፋይል ናዳ ነው። እኔ በአንድ ወቅት ለፊዚክስ መምህራን ቡድን የላክሁት ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦

«አሥረኛ ክፍል፣ 62 ተማሪዎች። ሁለት አምፖሎች በተከታታይ ሲያያዙ ብዙዎቹ ተማሪዎች ‹መጀመሪያ ያለው አምፖል ኮረንቲውን ስለሚበላው ሁለተኛው ይደበዝዛል› ብለው ጻፉ። ቀመሩን በሰሌዳ ላይ አሳየኋቸው፤ ስሌቱን በትክክል ሠሩ፣ አስተሳሰባቸው ግን አልተለወጠም። አምሜትር (የኮረንቲ መለኪያ) የለንም። እናንተ ምን ሞክራችኋል?»

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፤ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ እርሱ ነውና። ከመጡት መልሶች ብዙዎቹ ምስጋና፣ የአውራ ጣት ምልክትና የቪዲዮ ማስፈንጠሪያ ነበሩ። አንዱ ግን ዘዴ ይዞ መጣ፦ አምፖሎቹ ከመብራታቸው በፊት ተማሪው ሁሉ የሚሆነውን ገምቶ በወረቀት ይጻፍ፣ ከዚያ ይብራ፣ ከዚያ ግምትና እውነታ ይነጻጸሩ የሚል። እኔም ከአራዳ ገበያ ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖሎችና የባትሪ ድንጋዮች ገዛሁ፣ ከተበላሸ ሬዲዮ ሽቦ አወጣሁ፣ ሁሉንም በፕላስተር አያይዤ ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቹ ግምታቸውን ጻፉ። ሽቦው ሲገናኝ ግን ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ በኩል ያለው የመጀመሪያው አምፖል ደምቆ በራ፣ ሁለተኛውም ፈዘዘ። ከኋላ ወንበር አንዱ ተማሪ «አላልኩም ቲቸር!» ብሎ ተነሣ። የተሳሳተው ግምት በዓይን ምስክር ተረጋገጠ ማለት ነው።

ያን ማታ የሆነውን ሳልቀንስ ሳልጨምር ለቡድኑ ጻፍሁ። አንዲት በሌላ ወረዳ የሚያስተምሩ መምህርት «አምፖሎቹን ቦታ አቀያይረው አይተዋል? ሬዚስታንሳቸው (የኮረንቲን ፍሰት የመቃወም መጠናቸው) እኩል ላይሆን ይችላል፤ እግራቸው ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ይመልከቱ» ብለው መለሱልኝ። አምፖሎቹን ሳያቸው በእርግጥም በላያቸው የተጻፈው ቁጥር የተለያየ ነበር፤ ስገዛ አላስተዋልሁትም። በማግስቱ ተማሪዎቹ ፊት ቦታቸውን አቀያየርሁ። ደማቁ አምፖል ሁለተኛ ሆኖም ደማቅ እንደሆነ ቀረ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ የጦፈ ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻም ከተማሪዎቹ አንዷ «ልዩነቱ ያለው ቦታው ላይ ሳይሆን አምፖሉ ላይ ነው» አለች። በተከታታይ በተያያዙ አምፖሎች ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የበለጠ ሬዚስታንስ ያለው አምፖል የበለጠ ኃይል ወስዶ ደምቆ ይበራል። ያልተመሳሰሉት አምፖሎች ተመሳሳይ የሆኑት ሊያስተምሩ ከሚችሉት በላይ አስተማሩ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው መልስ ትክክለኛ ነበር፤ ነገር ግን ብቻውን አልበቃም። ትምህርቱ የተገኘው በሁለተኛው ዙር፣ ያልተሳካውን ነገር ሳልሸሽግ በተናገርሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሙከራዎን ውጤት መልሶ መንገርን እንደ ትሕትና ወይም እንደ ምስጋና አይቁጠሩት፤ የአሠራሩ ዋና አካል ነው። መልስ የሰጠዎት ሰው ምክሩ የት እንደደረሰ ያውቃል፣ ዝም ብለው የሚከታተሉት ሌሎች መምህራንም የተፈተነ ነገር ያገኛሉ።

የሚጠይቁበትን ቦታ መምረጥ

የቴሌግራም ቻናልና የቴሌግራም ግሩፕ አንድ እንዳልሆኑ ልብ ይበሉ። ቻናል ባለቤቱ የሚናገርበት፣ ሌላው የሚሰማበት ነው፤ መጽሐፍና መምሪያ ለማውረድ ይጠቅማል፣ ሙያ ለመወያየት ግን አልተሠራም። ግሩፕ ደግሞ እስከ 200,000 አባላት ሊይዝ ይችላል፤ ይሁንና የአባላቱ ብዛት ለጠያቂው መምህር ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ነው። በሺሕ የሚቆጠር ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ የተጣለ ጥያቄ አንድ ሰዓት ሳይሞላው በሰላምታና በማስታወቂያ ተውጦ ይቀራል፤ ከዚህም በላይ በማያውቁት ሕዝብ ፊት «ይህ አልተሳካልኝም» ማለት ለማንም ሰው ከባድ ነው። በእኔ ግምት የሚሠራው ከአሥራ አምስት እስከ አርባ የሚሆኑ፣ አንድ ዓይነት ትምህርት የሚያስተምሩና ቢያንስ በከፊል በአካል የሚተዋወቁ መምህራን ያሉበት ቡድን ነው።

እንዲህ ያለ ቡድን ከሌለ ለማቋቋም የሚቀለው መንገድ አጎራባች ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚሠሩበት የጉድኝት ማዕከሉ ነው። የአዘዞ፣ የማራኪና የፒያሳ አካባቢ መምህራን በጉድኝት ስብሰባ ይገናኛሉ፤ እነርሱን መነሻ አድርጎ የማክሰኚትን፣ የቆላ ድባን፣ የትክል ድንጋይንና የአምባ ጊዮርጊስን ባልደረቦች መጨመር ይቻላል። የገጠሩን መምህር አጥብቄ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማችን ያለ የፊዚክስ መምህር ቢቸግረው በዕረፍት ሰዓት ዘወር ብሎ የሚጠይቀው ሌላ የፊዚክስ መምህር አጠገቡ አለ። በትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ትምህርቱን ብቻውን የሚያስተምር ሰው ግን ከዓመት እስከ ዓመት ስለ ትምህርቱ የሚያናግረው ባልደረባ ላያገኝ ይችላል። ማኅበራዊ ሚዲያ ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚያወጣው ለዚህ መምህር ነው፤ እኛ የከተማዎቹ ደግሞ በጥቂት ነገር ብዙ መሥራትን ከእርሱ እንማራለን።

ለቡድኑ ሁለት ደንቦች ይበቁታል። የመጀመሪያው፣ በሳምንት አንድ ጥያቄ ብቻ ከላይ ተሰክቶ እንዲቆይና ውይይቱ በእርሱ ላይ እንዲሆን ነው፤ አስተባባሪነቱም በየወሩ ይዙር። ሁለተኛው፣ ከትምህርቱ ውጭ የሆነ ነገር፣ የበዓል መልካም ምኞት እንኳ ቢሆን፣ በሌላ ቦታ እንዲላክ ነው። የፖለቲካ ጽሑፍ ማስተላለፍን በተመለከተ ደንቡ ያለ ልዩነት መጠበቅ አለበት፤ አንድ የተላለፈ መልእክት የተቋቋመን ቡድን ሲበትን አይቻለሁ፤ በሕግ በኩልም የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አስተላላፊውን ጭምር ሊያስጠይቅ ይችላል።

ዋትሳፕ ላይ የግሩፕ አባላት ሁሉ የእርስዎን ስልክ ቁጥር እንደሚያዩ ይወቁ፤ በቴሌግራም ግን በግላዊነት ማስተካከያው ውስጥ ቁጥርን መሸሸግ ይቻላል፤ በተለይ ለሴት ባልደረቦቻችን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ዩቲዩብ የሙከራ አሠራርን በዓይን ለማየት ጥሩ ነው። ፌስቡክና ቲክቶክ ሐሳብ ይጭራሉ፤ ተረጋግቶ ለመጠያየቅ ግን አይመቹም።

ስልኩንና ጊዜውን መግራት

አንድ መምህር በሳምንት ሁለት ማታ፣ በእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ቢመድብ ይበቃዋል። ከመክፈትዎ በፊት የሚፈልጉትን ነገር በወረቀት ይጻፉ፤ ሲያገኙትም ይዝጉ። የግሩፖችን የማሳወቂያ ድምፅ ያጥፉ፤ በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ ፎቶ፣ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳይወርድ ያድርጉ፤ ይህን ሳያደርጉ የሞባይል ዳታ ውድ ነው ብሎ ማማረር አይጠቅምም። ለክፍልዎ የሚሆነውን መልእክት ወደ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ሲያስተላልፉ የክፍሉንና የርዕሱን ስም አብረው ይጻፉበት፤ ከሦስት ወር በኋላ ፈልገው የሚያገኙት በዚያ ስም ነው።

የተገኘውን መመዘን

በቡድኑ የተለጠፈ ነገር ሁሉ ለክፍል የሚሆን አይደለም። አንድን ሐሳብ ከመውሰድዎ በፊት ላኪው ራሱ አስተምሮበት እንደሆነ፣ በስንት ተማሪ ክፍል እንደሞከረው፣ ምን እንዳልሠራለትም ይጠይቁ። ይህን ሲጠየቅ የሚያብራራ ሰው ምክሩን ሊያምኑት ይገባል፤ «ከሌላ ቦታ አምጥቼው ነው» የሚል ከሆነ ግን የማጣራቱን ሥራ እርስዎ ራስዎ መሥራት አለብዎ ማለት ነው። የመልስ ቁልፍ የያዘ ፋይል ከሆነ እያንዳንዱን ጥያቄ ራስዎ ሳይሠሩት ለተማሪ አይስጡ፤ በቴሌግራም የሚዞሩ የመልስ ቁልፎች ውስጥ ስሕተት ማግኘት የተለመደ ነው። ሙከራን በስክሪን ላይ የሚያሳይ ማስመሰያ ሲያስፈልግ ደግሞ በዩናይትድ ስቴትስ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው «ፌት» የተባሉት የሳይንስና የሒሳብ ማስመሰያዎች በነፃ የሚገኙና አንድ ጊዜ በኮምፒውተር ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ዑደት መገጣጠሚያው አምሜትር ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ እገዛ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፈተና ፋይሎች ማለት ያለብኝ ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከታወቀ ወዲህ የሁላችንም ጭንቀት በርትቷል፤ የመምህራን ቻናሎችም ባለፉ ዓመታት ጥያቄዎችና በሞዴል ፈተናዎች ተሞልተዋል። ጭንቀቱን እጋራለሁ። ነገር ግን ኮረንቲ በአምፖል ይበላል ብሎ የሚያምን ተማሪ መቶ የምርጫ ጥያቄ ቢሠራም እምነቱ እዚያው ነው፤ ችግሩ የሚፈታው ከጥያቄው በስተጀርባ ያለውን አስተሳሰብ በመንካት ነው። «የዘንድሮ ፈተና ወጣ» የሚል መልእክት ሲመጣ ደግሞ ሳይከፍቱና ሳያስተላልፉ ማጥፋት ይገባል። በ2008 ዓ.ም. አገር አቀፉ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ ሲሰረዝ የተጎዱት በሐቅ ያጠኑ ተማሪዎች እንደነበሩ አንርሳ።

ተማሪዎቻችንን መጠበቅም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የተማሪን የፈተና ወረቀት ለባልደረቦች ማሳየት ካስፈለገ ስሙን በወረቀት ሸፍነው ፎቶ ያንሡ፤ የፊቱን ምስል ያለ ወላጅና ያለ ትምህርት ቤቱ ፈቃድ በምንም ምክንያት አይልቀቁ። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ ሕጉ ባይኖርም እንኳ ልጁ ያመነው መምህሩን ነው። የተማሪን የተሳሳተ መልስ ለመሳቂያ የሚለጥፍ ቡድን ውስጥ ካሉ ዝም አይበሉ፤ የማይታረም ከሆነም ይውጡ።

መረቡ ሲቋረጥ

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ እናውቃለን። በስልክ ላይ ብቻ የተመሠረተ ሙያ ማሻሻያ በዚያ ጊዜ አብሮ ቆመ። ስለዚህ የሚጠቅም ሐሳብ ባገኙ ቁጥር በደብተር ይገልብጡት፤ መምሪያዎችንና መጻሕፍትን በፍላሽ ያስቀምጡ፤ መረብ በማይኖርበት ጊዜ በብሉቱዝ ወይም ዜንደር በተባለው የፋይል መላኪያ መተግበሪያ ከስልክ ወደ ስልክ ይቀባበሉ። የቡድኑ አባላት በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ጊዜ እንኳ በአካል ቢገናኙ፣ መስመሩ ሲጠፋ ማን ማንን ሄዶ እንደሚጠይቅ ይታወቃል።

ወደ ተሙማ ማስገባት

ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ በተለመደ አጠራሩ ተሙማ፣ በማዕቀፉ መሠረት ከእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ዑደቱም ትንተና፣ ዕቅድ፣ ትግበራና ግምገማ ነው። ከላይ የገለጽሁት አሠራር ከዚህ ዑደት ጋር በቀጥታ ይገጥማል፦ የተማሪውን ቃል መመዝገብ ትንተና ነው፣ ከባልደረቦች ሐሳብ ሰብስቦ አንዱን መምረጥ ዕቅድ ነው፣ በክፍል መሞከር ትግበራ ነው፣ ውጤቱን መልሶ መንገርና መታረም ግምገማ ነው። ሆኖም የቴሌግራም ውይይትን ፎቶ አንሥቶ በተሙማ ማኅደር ውስጥ መለጠፍ ማስረጃ አይሆንም፤ ያ የሚያሳየው መነጋገርዎን ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ገጽ ያዘጋጁ። በላዩ ላይ የተማሪውን ቃልና ቀኑን፣ የቀረበልዎትን ምክር፣ የሞከሩትንና የሆነውን ይጻፉ፤ ከሙከራው በፊትና በኋላ የተሠሩ የሦስት ተማሪዎችን ወረቀት ስማቸውን ሸፍነው ያያይዙ፤ በግርጌው «የቀረ ጥያቄ» የሚል ቦታ ይተዉ። ገጹን ለትምህርት ክፍሉ ተጠሪና ለሱፐርቫይዘሩ ሲያሳዩ ንግግሩ ከሰዓት ቆጠራ ወጥቶ ስለ ተማሪው መሆን ይጀምራል።

በእኔ ገጽ ግርጌ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ጥንድ አምፖል መግዛት፣ አንዱ ጥንድ ቁጥሩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ሌላው የተለያየ። መጀመሪያ የተለያየውን ማሳየት። አምፖሎቹ ጎን ለጎን ሲያያዙ ተማሪዎቹ ምን ብለው እንደሚገምቱ አስቀድሞ ማስጻፍ፤ ግምታቸውን ለቡድኑ መላክ።»